ዚንክና ውሃው፤ የአንድ ባትሪ የሁለት መቶ ዓመት ታሪክ

ስለ ባትሪ ታሪክ የጻፉ ሰዎች ምስጋናቸውን አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርቡት ለማዕድኑ ነው፤ ስለ ዚንክ፣ ስለ መዳብ፣ ስለ እርሳስ፣ በቅርቡም ስለ ሊቲየም ብዙ ተጽፏል። በባትሪው ሁለት ማዕድናት መካከል ሆኖ መልእክታቸውን የሚያመላልሰው ውሃ ግን፣ ያለ እርሱ የዚንክ ባትሪ የማይሠራ ሲሆን፣ በታሪኩ ውስጥ እንደ ተላላኪ ተቆጥሮ ስሙ ሳይነሣ ይታለፋል። የዚንክን ባትሪ ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ ዛሬ በትዕግሥት የመረመረ ሰው ግን የሚያገኘው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ማዕድኑ ከ1800 ጀምሮ ያው ዚንክ ሆኖ ሲኖር፣ ትውልድ በትውልድ በተተካ ቁጥር የተለወጠው፣ የወፈረው፣ የቀጠነው፣ ጨው እየተጨመረበትና እየተቀነሰበት የኖረው ውሃው መሆኑን ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ዚንክ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። የቤታችንን ጣሪያ የምንከድንበት ቆርቆሮ ዝገት እንዳይበላው የተለበጠው በዚሁ ማዕድን ነው፤ ብረቱንም የሚጠብቀው በብረቱ ፈንታ አስቀድሞ ራሱ እየተበላ ነው። ይህ ራሱን አሳልፎ የመስጠት ባሕርዩ፣ በሊቃውንቱ አነጋገር ሁለት ኤሌክትሮኖቹን በቀላሉ የመልቀቅ ጠባዩ፣ ለጣሪያ እንደ ጠቀመ ሁሉ ለባትሪም የተመረጠበት ምክንያት ሆነ። ይሁን እንጂ ዚንክን ከድንጋዩ ለይቶ ማውጣት ለጥንት አንጥረኞች ቀላል ሥራ አልነበረም፤ በ907 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተንኖ ስለሚሄድ፣ በምድጃቸው ውስጥ እንደ ሌሎቹ ማዕድናት ቀልጦ ከታች አይጠራቀምላቸውም ነበርና። በሕንድ አገር፣ በራጃስታን ውስጥ ባለችው በዛዋር፣ ከሸክላ በተሠሩ ማንጠሪያዎች እንፋሎቱን እያቀዘቀዙ ዚንክ የሚያወጡ ሰዎች አውሮፓ ይህን ጥበብ ከማወቋ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነበሩ፤ ጀርመናዊው አንድሬያስ ማርግራፍ የዚንክን አወጣጥ በዝርዝር ጽፎ ለሊቃውንት ያስታወቀው በ1746 ነው።

የኤሌክትሪክ ጥናት በዚያ ዘመን ገና ከመደነቅ ብዙም አልራቀም ነበር። የቦሎኛው ሐኪም ሉዊጂ ጋልቫኒ የሞተ እንቁራሪት እግር በሁለት ልዩ ልዩ ማዕድናት በተነካ ጊዜ እንደሚንፈራገጥ ተመልክቶ፣ ኃይሉ የሚመነጨው ከእንስሳው ሥጋ ነው ሲል በ1791 ጻፈ፤ የፓቪያው መምህር አሌሳንድሮ ቮልታ ግን ሥጋው ኃይሉን የሚመሰክር እንጂ የሚያመነጭ አይደለም፣ ምንጩ የማዕድናቱ ልዩነት ነው ብሎ ተከራከረ። ክርክሩንም በቃል ብቻ ሳይወስነው፣ መጋቢት 20 ቀን 1800 ከኮሞ ከተማ ለለንደኑ የንጉሣዊ ማኅበር ፕሬዚዳንት ለሰር ጆሴፍ ባንክስ በፈረንሳይኛ በላከው ደብዳቤ፣ ክብ ክብ ሆነው የተቆረጡ የብርና የዚንክ ዝርጎችን በየጥንዱ መካከል በጨው ውሃ የራሰ ካርቶን እያስገባ እንደ ደረደረና፣ የድርድሩን ጫፍና ጫፍ በእጁ በነካ ጊዜ የማይቋረጥ ንዝረት እንደ ተሰማው ገለጠ። በዚያው ደብዳቤ ሌላ አሠራርም አቅርቧል፤ የጨው ውሃ የሞላባቸውን ጽዋዎች በክብ አሰልፎ፣ ከአንዱ ጽዋ ወደ ሌላው በማዕድን ቅስት አያይዞ፣ መሣሪያውን የጽዋዎች አክሊል ብሎ ሰየመው።

ከንጹሕ ውሃ ይልቅ የጨው ውሃ እንደሚሻል ቮልታ ራሱ አስተውሎ ነበር፤ ሆኖም ኃይሉ የሚመነጨው ማዕድን ከማዕድን ከመነካካቱ ነው ብሎ ያምን ስለ ነበር፣ ውሃውን ከመተላለፊያ አስበልጦ አላየውም። ደብዳቤው በለንደን እጅ እንደ ገባ፣ ገና በማኅበሩ ፊት ሳይነበብ፣ ዊሊያም ኒኮልሰንና አንተኒ ካርላይል መሣሪያውን ሠርተው ሁለቱን ሽቦዎች ውሃ ውስጥ በነከሩ ጊዜ፣ ውሃው ወደ ሃይድሮጂንና ወደ ኦክሲጂን ሲከፈል አዩ። በእምነትም በፍልስፍናም ከአራቱ ባሕርያት አንዱ ሆኖ ሲቆጠር የኖረው ውሃ፣ በጥቂት ማዕድንና በጨው በራሰ ካርቶን ኃይል ተከፍሎ ተገኘ። ይህ ግኝት ለኬሚስትሪ ታላቅ በር ከፈተ፤ ሃምፍሪ ዴቪ በ1807 ፖታሲየምንና ሶዲየምን ለይቶ ያወጣው በዚሁ በር ገብቶ ነው። ለባትሪው ግን የችግሩ ሁሉ መነሻ ይኸው ነበር፤ ውጭ ያለውን ውሃ መክፈል የቻለ መሣሪያ የገዛ ውሃውን ከመክፈል የሚያግደው አልነበረምና። ማይክል ፋራዴይ በ1834 ኤሌክትሮላይት የሚለውን ስም ለዚህ ዓይነቱ ፈሳሽ ሲሰጥና፣ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ መጠንና የሚሟሟው የማዕድን መጠን በሕግ የተያያዙ መሆናቸውን ሲያስረዳ፣ ውሃው የኃይሉ ተካፋይ እንጂ መንገድ ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ እየሆነ ሄደ።

የመጀመሪያዎቹ ባትሪዎች ደዌ ሦስት ነበር። የዝርጎቹ ክብደት ካርቶኑን እየተጫነ ውሃውን ይጨምቀውና፣ ወደ ጎን የፈሰሰው የጨው ውሃ የማይገናኙትን ያገናኛቸዋል፤ ከውሃው የሚወጣው ሃይድሮጂን በማዕድኑ ላይ አረፋ ሆኖ እየተለጠፈ ኃይሉን ያዳክመዋል፤ ከዚህም የከፋው፣ ዚንኩ ሥራ ሳይታዘዝ፣ ሽቦዎቹ ተለያይተው እንኳ፣ በአሲድና በጨው ውሃ ውስጥ ራሱን እየበላ ያልቃል። ይህን ሦስተኛውን ደዌ ለማስታገስ እንግሊዛዊው ዊሊያም ስተርጀን በ1830 ገደማ ዚንኩን በባዜቃ ማሸት እንደሚጠቅም አሳየ። በባዜቃ የታሸ ዚንክ ፊቱ እንደ መስተዋት ያበራል፤ በተዋሐደው ባዜቃ ላይ ሃይድሮጂን ለመውጣት ስለሚቸገርም አሲዱ ሳይታዘዝ መብላቱን ይተዋል። መርዛም መሆኑ እየታወቀ ባዜቃ ከዚንክ ባትሪ ጋር ከ150 ዓመት በላይ የኖረው በዚህ አንድ ውለታው ነው።

ሁለተኛውን ደዌ የፈወሰው በለንደን የኪንግስ ኮሌጅ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበረው ጆን ፍሬደሪክ ዳንየል ሲሆን፣ መድኃኒቱም አንዱን ውሃ ሁለት ማድረግ ነበር። በ1836 በሠራው ባትሪ፣ የመዳብ ዕቃ ውስጥ የመዳብ ሰልፌት ሙሙት ሞልቶ፣ በመካከሉ ከበሬ ጉሮሮ የተሠራ ቱቦ አቆመና፣ በቱቦው ውስጥ ቀጭን የሰልፈሪክ አሲድ ውሃና በባዜቃ የታሸ የዚንክ ዘንግ አኖረ። በዚህ አሠራር በመዳቡ በኩል የሚወጣው ሃይድሮጂን መሆኑ ቀርቶ መዳብ ሆነ፤ አረፋው ጠፋ፤ ባትሪውም 1.1 ቮልት ያህል ሳይዋዥቅ ለብዙ ሰዓት መስጠት ቻለ። የበሬው ጉሮሮ ብዙም ሳይቆይ ፈሳሽ በሚያስተላልፍ ሸክላ ተተካ፤ አሲዱም በዚንክ ሰልፌት ተተካ። ዛሬ በየምርምር ቤቱ የሚመረመረው የዚንክ ሰልፌት ውሃ እንግዲህ ከዚያ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው።

ቴሌግራፍ በአውሮፓና በአሜሪካ ሲስፋፋ፣ የዳንየል ባትሪ መከፋፈያው ሸክላ እንኳ ሳያስፈልገው በመስተዋት ማሰሮ ውስጥ ተሠርቶ በየጣቢያው መደርደሪያ ላይ ተሰለፈ። አሠራሩን በቅርብ ማየት የሚገባ ነው። የመዳብ ዝርግ ከማሰሮው ግርጌ ይተኛል፤ በላዩ ሰማያዊው የመዳብ ሰልፌት ድንጋይ ይነሰነሳል፤ ውሃ ይጨመራል፤ የወፍ እግር ቅርጽ ያለው ዚንክ ከማሰሮው አፍ ላይ ይንጠለጠላል። ክብደት ያለው ሰማያዊ ውሃ ከታች፣ ቀለም የሌለው የዚንክ ሰልፌት ውሃ ከላይ ይረጋና በመካከላቸው ጥርት ያለ ወሰን ይታያል። የጣቢያው ሠራተኛ ሥራ ይህን ወሰን መጠበቅ ነበር፤ ባትሪው ሥራ ፈትቶ ከቆየ ሰማያዊው ውሃ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይወጣና ዚንኩን በጥቁር የመዳብ ዝቃጭ ስለሚሸፍነው፣ መሥመሩ መልእክት በሌለበት ሰዓት እንኳ ሳይዘጋ ኃይል እንዲያልፍበት ይደረጋል፤ ከላይ ያለው ውሃ የዚንክ ጨው ሲበዛበት ደግሞ ጥቂቱን ቀድቶ በምትኩ ንጹሕ ውሃ ማፍሰስ ያስፈልጋል። የዘመኑን ዜና ከከተማ ወደ ከተማ ያደረሰው ሽቦ ብቻ ሳይሆን የውሃ ጠባቂዎቹ ትጋት ጭምር ነው።

እንዲህ ያለው ባትሪ ከመደርደሪያ ወርዶ መንገድ መሄድ አይችልም፤ ከተነቃነቀ ሁለቱ ውሃዎች ይደባለቃሉና። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ዦርዥ ለክላንሼ በ1866 ያወጣው ባትሪ ሁለቱን ውሃዎች ወደ አንድ መለሳቸው፤ ሃይድሮጂኑን የመቀበሉን ሥራ ለማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ዱቄትና ለከሰል ሰጥቶ፣ ፈሳሹን አሞኒየም ክሎራይድ የሚባለው ጨው የሟሟበት ውሃ ብቻ አደረገው። ይህ ጨው እንደ ሰልፈሪክ አሲድ ዚንኩን በችኮላ የማይበላ በመሆኑ፣ ባትሪው ለወራት ሳይነካ ተቀምጦ በተጠራ ጊዜ ይነሣል፤ ብዙ ሲሠራ ይደክማል፣ ሲያርፍ ደግሞ ይበረታል። የቤልጅግ የቴሌግራፍ አገልግሎት ተቀበለው፤ በኋላም የበር ደወሎችና ስልኮች ኑሯቸው በእርሱ ሆነ።

ከዚህ በኋላ የቀረው ፈሳሹ እንዳይፈስ ማድረግ ነበር። የማይንዝ ከተማ ነዋሪ የሆነው ጀርመናዊው ካርል ጋስነር በ1886 የባለመብትነት ወረቀት ያገኘበት ባትሪ፣ የዚንኩን ዘንግ ወደ ቆርቆሮ መሰል ዕቃ ለውጦ ማቀፊያም፣ አኖድ የሚባለው የሚሟሟ ወገንም አደረገው፤ ፈሳሹን ከጀሶ ጋር ለውሶ አረጋው፤ ዚንክ ክሎራይድም ጨመረበት። ከጋስነር በኋላ የመጡት ደግሞ ጀሶውን በዱቄትና በስታርች ተክተው ኤሌክትሮላይቱን እንደ ወፈረ የገብስ ሙቅ አድርገው አበሰሉት። ደረቅ ባትሪ ይባል እንጂ ከቶ ደረቅ አልነበረም፤ ውሃው መፍሰስ ተከለከለ እንጂ አልተወገደም።

በአገራችን የባትሪ ድንጋይ እየተባለ በየገጠሩ የእጅ ባትሪና የሬዲዮ አገልጋይ ሆኖ የኖረው የዚህ ዘር ነው። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥቶ ዜናውን እስኪጨርስ ያህል ማስነሣት የብዙ ቤት ልማድ ነበር፤ ልማዱም መሠረት የለሽ አልነበረም፣ ሙቀቱ በበሰለው ሊጥ ውስጥ የሚመላለሱትን አዮኖች፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ቅንጣቶች፣ ስለሚያፈጥናቸው የቀረችውን ጥቂት ኃይል ያወጣታልና፤ አዲስ ኃይል ግን አይጨምርም። በመጨረሻም ማቀፊያው ዚንክ ተበልቶ ሲሳሳና ሲበሳ፣ ነጭ ጨው የተቀላቀለበት ርጥበት ወጥቶ ሬዲዮኑን የሚያበላሸው፣ ዕቃውም ነዳጁም አንድ ማዕድን በመሆኑ ነው።

በ1950ዎቹ በኦሃዮ ግዛት በኤቨሬዲ ኩባንያ የምርምር ቤት ይሠራ የነበረው ካናዳዊው ሉዊስ ዩሪ ያረጀውን ባትሪ ዕድሜ እንዲያራዝም ታዝዞ ሳለ፣ የአሞኒየም ክሎራይዱን ውሃ ትቶ አልካሊ የሆነውን የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውሃ ወሰደ፤ ዚንኩንም ከዕቃነት ወደ ዱቄትነት መልሶ ውሃው በሁሉም ፊቱ እንዲነካው አደረገ። በ1959 ለገበያ የወጣው አልካላይን ባትሪ እስከ ዛሬ በየሱቁ ያለው ነው። ባዜቃውም ከዚህ ባትሪ ጋር አብሮ ሲኖር ቆይቶ፣ በቆሻሻ መጣያዎች ላይ ያደረሰው ጉዳት በመታወቁ፣ አምራቾች የዚንኩን ጥራትና ቅይጡን እያሻሻሉ በ1990ዎቹ አሰናበቱት፤ አሜሪካም በ1996 ይህንኑ በሕግ አጸናችው።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው አንድ ጊዜ ሠርቶ ስለሚጣል ባትሪ ነው። መልሶ መሙላት ሌላ ፈተና ነው፤ የሟሟውን ዚንክ ወደ ቦታው እንዲመለስ ማዘዝ ማለት ነውና። አየርላንዳዊው ጄምስ ድራም በኒኬልና በዚንክ፣ በአልካሊ ውሃ ውስጥ የሚሠራ ባትሪ ሠርቶ፣ በእርሱ የሚሄዱ ባቡሮች ከ1932 እስከ 1949 በደብሊንና በብሬይ መካከል ሕዝብ አመላልሰዋል። ድካሙ የሚደነቅ ነበር፤ ነገር ግን በአልካሊ ውሃ ውስጥ ዚንክ ዚንኬት የሚባል ሙሙት ሆኖ ወዲያ ወዲህ ስለሚንሳፈፍ፣ በሚሞላበት ጊዜ ከወጣበት ስፍራ ሳይሆን ባገኘው ስፍራ ይቀመጣል፤ አንዱ ጎን ይሳሳል፣ ሌላው ይወፍራል፤ ከወፈረውም ላይ ዴንድራይት የሚባሉ ቅርንጫፍ ያላቸው መርፌዎች በቅለው መከፋፈያውን ወግተው ባትሪውን ይገድሉታል።

መፍትሔው ወደ ኋላ፣ ወደ ዳንየል ባትሪ የዚንክ ሰልፌት ውሃ መመለስ ሆነ። ያማሞቶና ሾጂ የተባሉ የጃፓን ተመራማሪዎች በ1986 ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድንና ዚንክን ለስላሳ አሲድነት ባለው በዚንክ ሰልፌት ውሃ ውስጥ አኑረው ተመልሶ የሚሞላ ባትሪ እንደሚሆን አሳዩ። ጊዜው ግን ለዚንክ አልሆነም፤ ሶኒ በ1991 የሊቲየም አዮንን ባትሪ ለገበያ አቀረበና የዓለም ዓይን ወደዚያ ዞረ። የሊቲየም ባትሪ ኤሌክትሮላይት በቀላሉ የሚቃጠል ኦርጋኒክ ፈሳሽ መሆኑ በእሳት አደጋዎች እየተመሰከረ ሲሄድ፣ የማይቃጠለውን ውሃ የሚያስቡ ሰዎች ተመለሱ፤ በ2012 በቻይና የቺንግሁዋ ዩኒቨርሲቲ የሸንዘን ተመራማሪዎች የዚንክ አዮን ባትሪ የሚለውን ስም ሰጡት፤ በ2016 ደግሞ በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲዋ ሊንዳ ናዛርና ባልደረቦቿ በቫናዲየም ኦክሳይድ የሚሠራ የዚንክ ባትሪ አቀረቡ። አንድ ግራም ዚንክ 820 ሚሊአምፒር ሰዓት ኤሌክትሪክ የሚይዝ፣ በውሃ ውስጥ የማይነድ፣ ዋጋውም የማይከብድ ማዕድን መሆኑ ሁሉንም ሳበ።

ነገር ግን የቮልታ ዘመን ደዌዎች አብረው ተመለሱ። በሙሙቱ ውስጥ እያንዳንዱ የዚንክ አዮን በ6 የውሃ ሞለኪሎች ተከብቦ ይጓዛል፤ ባትሪው በሚሞላበት ጊዜ ወደ ማዕድኑ ደርሶ ሊቀመጥ ሲል እነዚህን አጃቢዎቹን ማራገፍ አለበት፤ በአዮኑ ስበት የተዳከሙት ሞለኪሎችም እዚያው ይሰበሩና ሃይድሮጂን ይወጣል። ሃይድሮጂኑ ሲወጣ ከማዕድኑ አጠገብ ያለው ውሃ ወደ አልካሊነት ያዘነብላል፤ በዚያም ነጭ የዚንክ ሃይድሮክሳይድ ሰልፌት ቅርፊት እየተጋገረ የማዕድኑን ፊት ያሻክራል፤ በሻከረው ፊት ላይ መርፌው ይበቅላል። አረፋው፣ መበላቱና መርፌው ሦስት የተለያዩ ጠላቶች ይመስላሉ እንጂ ሦስቱም የሚወለዱት ከአንድ ውሃ ነው።

ስለዚህ የዘመኑ ሊቃውንት ውሃውን ራሱን ማረም ያዙ። የጁን ሊዩ ቡድን በአሜሪካ የፓሲፊክ ኖርዝዌስት ብሔራዊ ላቦራቶሪ በ2016 በዚንክ ሰልፌቱ ላይ ጥቂት የማንጋኒዝ ሰልፌት ጨምሮ፣ ማንጋኒዙ ካቶድ ከሚባለው ከተቀባዩ ወገን እየሟሟ እንዳይጠፋ በማድረግ ባትሪውን 5,000 ጊዜ ሞላ፣ አራገፈው፤ አቅሙም 92 በመቶ ጸንቶ ተገኘ። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲው ቹንሼንግ ዋንግና የአሜሪካ ጦር የምርምር ላቦራቶሪ ባልደረቦቹ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ደፋር መንገድ ሄዱ፤ በ2018 ባሳተሙት ሥራ በ1 ኪሎ ግራም ውሃ ውስጥ 1 ሞል የዚንክ ጨውና 20 ሞል የሊቲየም ጨው አሟሙ። የሊቲየሙ ጨው ብቻ ሲመዘን ከ5 ኪሎ ተኩል ይበልጣል፤ ስለዚህ ጨው በውሃ ውስጥ ሟሟ ከማለት ውሃ በጨው ውስጥ ገባ ማለት ይቀላል። እንዲህ ባለው ሙሙት ውስጥ ነፃ ውሃ የለም፤ ዚንኩን የሚያጅበውም የጨው አዮን እንጂ ውሃ ስላልሆነ፣ የሚሰበር ሞለኪል አይገኝም፤ ዚንኩም ያለ መርፌ ይቀመጣል። ብርድን ለመቋቋምም ይኸው ዘዴ ይረዳል፤ ሞለኪሎቹ በጨው ስለተያዙ በረዶ ለመሥራት እርስ በርስ አይያያዙም።

ሌሎችም እንደ ኤቲሊን ግላይኮል ያሉ ፈሳሾችን በውሃው ላይ እየቀላቀሉ፣ ሌሎችም ውሃውን በጄል እያረጉ፣ ጋስነር በጀሶና ተከታዮቹ በስታርች ያደረጉትን በአዲስ ዕውቀት ደግመው በመሥራት ላይ ናቸው። በየጊዜውም ይህን ያህል ሺህ ጊዜ ተሞላ የሚል ዜና ይሰማል፤ አስተዋይ ሰው ግን ዜናውን ከመቀበሉ በፊት ሊጠይቀው የሚገባ ነገር አለ። በብዙዎቹ ሙከራዎች ዚንኩ ለሥራው ከሚያስፈልገው እጅግ የበዛ፣ ውሃውም እጅግ የተትረፈረፈ ነው፤ ከብዙ የሚበላ ዚንክ ጥቂት ቢጠፋ አይታወቅም፤ ከብዙ ውሃ ጥቂት ቢሰበርም ጉድለቱ አይታይም። በመጠን በተለካ ዚንክና በመጠን በተለካ ውሃ ያልተፈተነ ባትሪ ገና አልተፈተነም።

የዋጋውም ነገር እንዲሁ ነው። ዚንክ የተመረጠው የብዙኃኑ ማዕድን በመሆኑ ነበር፤ የፀሐይንና የነፋስን ኃይል ለሌሊት ማቆየት ለሚፈልጉ ድኃ አገሮች ተስፋ የሆነውም ስለዚሁ ነው። ውሃውን ለማረም የሚፈሰው የሊቲየም ጨው ግን ውድ ነውና፣ በርካሽ ማዕድን ላይ ውድ ውሃ ማፍሰስ የጥበቡን ዓላማ ያፈርሳል። ከስተርጀን እስከ ዩሪ ያሉት ባለሙያዎች ሥራቸው ከቤተ ሙከራ ወጥቶ በየቤቱ የገባው፣ መድኃኒቱ ከደዌው ያነሰ ዋጋ ስለነበረው ነው፤ ባዜቃው እንኳ የተባረረው ዕዳው ከውለታው መብለጡ በታወቀ ጊዜ ነው። ከዛሬዎቹም መካከል የሚጸናው ቁጥሩ የበዛለት ሳይሆን፣ በዳንየል ባትሪ የታወቀውን ተራውን የዚንክ ሰልፌት ውሃ በጥቂትና በርካሽ ነገር አርሞ የሚያስታግሠው ይሆናል።